ሽቦው የገባበት የልቤ ሥር

ከሆሳዕና ጊምቢቹ ሚኒባስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሞተር ድምፅ ሰምቼ ምን እንደጎደለው አውቃለሁ። የራሴ ልብ ግን ግራና ቀኙ ተለያይቶ ሲመታ ከርሞ፣ ዳገት ላይ ባለከለክኩ ቁጥር "ወፍሬ ነው" እያልኩ ቀበቶዬን አላላ ነበር።

አዲስ አበባ ያየችኝ ዶክተር ልብ ሥላ አስረዳችኝ። ልብ የራሱ ደም መላሽ ሥሮች አሉት፤ ከኋላ አቅፈውት ዞረው ቀኝ ክፍሉ ውስጥ በአንድ አፍ ይከፈታሉ። በዚያ አፍ ተገብቶ በግራ ግድግዳ በኩል ባለው ቅርንጫፍ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይቀመጣል። ደረቴ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ማሽን በሽቦው ኤሌክትሪክ እየላከ ሁለቱን ጎን እኩል ያስመታል።

የሚያደነዝዙት አካባቢውን ብቻ ስለሆነ ሲሠሩኝ ሁሉን እሰማለሁ። አንዱ ቅርንጫፍ ጠባብ ሆነ። ሌላው ወደ ኋላ ታጥፎ ሽቦውን አላስገባ አለ። "ዶክተር፣ አለፍ ብለሽ በኋላ ማርሽ ብትሞክሪውስ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ሲያወሩ ደረትዎ ይንቀሳቀስብኛል" አለችኝ።  ብዙ ታግላ በታጠፈው ቅርንጫፍ አስገባችው።

ስወጣ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ፤ ሽቦው እስኪይዝ ግራ እጄን ከትከሻ በላይ እንዳላነሳ፣ ትከሻዬንም ማንም እንዳይገፋው። ከሥሩ ከወጣ ሌላ የሚሆን ሥር የለኝም፤ የሚቀረው ደረት መክፈት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ከሕክምና የተመለሰ ሰው በእጅ ብቻ ሰላም አይባልም፤ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ በቀኝም በግራም። ዘመዶቼ ከሆመቾ በአይሱዙ ተጭነው ቤቴ መጡ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሁሉንም እያስጠነቀቀች ታስገባለች፤ እኔ ግራ ጎኔን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ፣ እንደ ሙሽራ ቀኝ እጄን ብቻ እዘረጋለሁ።

እሷ ጓዳ ስትገባ አጎቴ ከዳምቦያ ደረሰ። የከብት ነጋዴ ነው፤ ክንዱ በሬ ይይዛል። ታላቅ ሲገባ ተኝቶ መቀበል የት አለ? ሳላስበው ብድግ አልኩ። አጎቴም ሰብስቦ አቀፈኝ።

ወዲያው ከግራ ጎድኔ በታች፣ ልቤ በመታ ቁጥር እንደ ስቅታ ሆዴን ያዘልለው ጀመር። ባለቤቴ ለአጎቴ ምግብ አቅርባ ስትቀመጥ አየችኝና፣ ማን እንደነካኝ ጠየቀች።

"እኔ ነኝ" አለ አጎቴ፤ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

በማግስቱ አብረን አዲስ አበባ ሄድን። ሆዴ ሥጋ አምሮት ነው የሚዘለው ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም። "ከወጣ እኔ ነኝ ያወጣሁት" አለኝ።

ዶክተሯ ራጅ አስነሳችኝ። ሽቦው ትንሽ ተንሸራትቷል፤ ግን ከሥሩ አልወጣም። እዚያ ጋ የመተንፈሻ ጡንቻን የሚያዝ ነርቭ ያልፋል፤ ኤሌክትሪኩ እሱንም እየነካው ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ ሆና ኤሌክትሪኩ የሚወጣበትን ቦታ ቀየረችው፤ ዝላዩ ቆመ።

አጎቴ ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት።

"አልወጣም፣ አባቴ። ሥሩ ውስጥ ነው።"

ከዚያ እስከ መናኸሪያ ድረስ በግራ ጎኔ እየሄደ፣ ሰው እንዳይገፋኝ የአዲስ አበባን ሕዝብ በክርኑ ሲገፋ ዋለ።