በቦምቤይ ወደብ የአባቴ ስም ሲጠራ

ዳንግላ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ

የጤፍ ጆንያ የተጫነበት መኪና ከገበያው ዳር ቆሞ ያጓራል። እኔ ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በአባቴ መካከል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። አባቴ ታከለ ከዘንገና በእግሩ መጥቶ አክስቴ ቤት ሁለት ሌሊት አድሯል። እስከ እንጅባራ ሸኝቶኝ ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ ደረቱን ሲያመው ከርሞ ነበርና መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ያስላል። አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውብን ስንቆም እንኳ ሳሉ አልቆመለትም።

እንጅባራ በጉም ተሸፍናለች፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴ ወርዶ እጄን ይዞ ቀረ።

«ጋሽ ታከለ፣ መርቀው ይልቀቋት እንጂ! እኔ እኮ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ማደር አለብኝ» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ሰው፣ በግ መሰለህ እንዴ የሸጥኩልህ? ልጅ ነው የሰጠሁህ። ቆይ!»

ከዚያ ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀኝ። «የሰው አገር ሰው ይውደድሽ።»

«ስመለስ አገኝሃለሁ፣ አይደል አባዬ?»

«እሱ ያውቃል። አንቺ ትምህርትሽን ያዢ።»

መኪናው ሲነሣ በመስኮት ዞሬ አየሁት። ጉሙ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይስላል። ዓባይን፣ አዲስ አበባን፣ የጅቡቲን ባቡርና ከዚያ በኋላ ያለውን ውሃ ሁሉ ሳልፍ ዓይኔ ላይ የነበረው ይኸው ነው።

ቦምቤይ፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

መርከቡ ቆሟል። ከባሕሩ የዓሣና የረጠበ ገመድ ሽታ ይመጣል። ቁራው ብዛቱ! ሰው ትከሻ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረው። ገና ማለዳ ሳለ ፀሐዩ እንደ እሳት ይጋረፋል። በአፌ ውሃ አልዞረም፤ ረቡዕ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። መንገደኛ ነሽና ይቅርብሽ ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን በማላውቀው አገር የመጀመሪያውን ቀን በጾም ብጀምር ይሻለኛል ብዬ ነው።

የነርስ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሯል። በመርከብ ላይ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ከውጭ አገር የሚመጡትን ተማሪዎች የሚቀበል ሰው እስከ ቀትር በወደቡ በር ይቆማል። ተማሪዎቹን ሰብስቦ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ይዟቸው ይሄዳል። ትምህርት በማግስቱ ይከፈታል፤ በመክፈቻው ቀን ያልተገኘች ተማሪ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። በዚህች ከተማ ሌላ የማውቀው ሰው የለም።

4 ሰዓት፣ የወደቡ በር

ፓስፖርቴ ታይቶ ሣጥኔን ተሸክሜ ወጣሁ። ከበሩ አጠገብ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ቀጭን ሰው ቆሟል። በአንድ እጁ ዝርዝር፣ ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ ቢጫ ወረቀት ይዟል። እየጮኸ ስም ይጠራል፤ የተጠሩት አንድ በአንድ ወደ እርሱ ይሄዳሉ። የማን መልእክተኛ እንደሆነ አላወቅሁም፤ የእኔም ስም ይኖር እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።

«ታከለ!» አለ።

ሣጥኔን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ታከለ! ታከለ!»

በእኛ አገር ሴት ልጅን በአባቷ ስም ብቻ የሚጠራ የለም። በትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ «ብርቄ ታከለ» ነው፤ በሰፈር ደግሞ ብርቄ ብቻ። ታከለ ብሎ የሚጠራ አባቴን የፈለገ ነው፤ እርሱ በሌለበት ከጠራ ደግሞ ስለ እርሱ የሚነግረው ነገር አለ ማለት ነው። ዓይኔ ቢጫዋ ወረቀት ላይ ተተከለ። ቴሌግራም! እኔ በባሕር ላይ ሳለሁ እርሱ አርፎ፣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

መርዶ ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ ዘመድ በግራና በቀኝ ተቀምጦ፣ ሐዘንተኛው እንዳይወድቅ ተይዞ ነው የሚነገረው። በወደብ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደግፎ የሚይዘኝ ሳይኖር ልሰማው አልቻልኩም። ካልሰማሁት አባቴ አልሞተም አልኩ። ሣጥኔን ጎትቼ በወደቡ ከተከመሩት የጥጥ እስሮች ጀርባ ተቀመጥኩና የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ሰውዬው ደጋግሞ ጠራ። እኔም በጠራ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

6 ሰዓት፣ እዚያው

ዝም ሲል ወጣሁ። አሁን የትምህርት ቤቱን ሰው እፈልጋለሁ ብዬ በሩ ጋ ስደርስ ማንም የለም። ዘበኛውን በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት።

«የተማሪዎቹ ሰው? ጃንጥላ የያዘው? አሁን ሄደ እኮ!»

ያን ጊዜ ሰማይና ምድሩ ዞረብኝ። ሰውዬው የትምህርት ቤቱ ከሆነ መርዶውም የተላከው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው፤ እንግዲያው እውነት ነው። ቦታዬንም አጣሁ፤ አባቴንም አጣሁ። ሣጥኔ ላይ ቁጭ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

7 ሰዓት ተኩል፣ የወደቡ ክሊኒክ

ዓይኔን ስገልጥ ነጭ የለበሰች ጠይም ሴት ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛለች። በአንገቷ ትንሽ የወርቅ መስቀል አየሁ። በእንግሊዝኛ ማርያማ እባላለሁ ስትለኝ፣ የእመቤታችንን ስም ስሰማ ልቅሶዬ መጣ። ውሃ ሰጠችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ረቡዕ ነው» አልኳት።

«ረቡዕን ትጾሚያለሽ? እናቴም ትጾማለች። እርሷ ግን ወደብ ላይ አትወድቅም!» አለችና ቆጣ ብላ አየችኝ። «ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አባቴ ሞቷል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስሙን ሲጠሩት ሰማሁና ተደበቅሁ።»

ጨርቁን ከግንባሬ ላይ አነሣች። ከዚያ ፓስፖርቴን ተቀብላ ገለጠችው።

«የተጠራው ስም የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋት። ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «እህቴ፣ በዚህ አገር በዝርዝር ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ስም ነው። ጠዋት ሙሉ የተጠራሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ብርቄ ነኝ። ታከለ አባቴ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ከደቡብ ሕንድ መጥቼ ትምህርት ቤት ስገባ በአባቴ ስም ሲጠሩኝ፣ አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ ብዬ ወደ በር ሮጫለሁ። አንቺ ሸሸሽ፤ እኔ ሮጥኩ።»

«ቢጫው ወረቀትስ?»

ማርያማ አላወቀችም። ከነጠላዬ ፈትቼ የሰጠኋትን ደብዳቤ አንብባ፣ ሰዓቷን አይታ ግን ብድግ አለች። «ባቡሩ ሊሄድብሽ ነው፣ ተነሺ!»

8 ሰዓት ተኩል፣ በፈረስ ጋሪ

ጋሪው የዳንግላን ጋሪ ይመስላል፤ ልዩነቱ ጥላ ያለው መሆኑ ነው። ፈረሱ ከሲታ፣ ነጂው ሻሽ የጠመጠመ ሽማግሌ። መንገዱ በትራም፣ በበሬ ጋሪና በሰው ተጨናንቋል። አንድ ቦታ ላይ ከነአካቴው ቆምን። እኔ ፈረሱ ላይ አፍጥጫለሁ።

ሽማግሌው ዞር ብሎ አንድ ነገር አለ፤ ማርያማ ተረጎመችልኝ። «ይህች ልጅ ፈረሴን በዓይኗ ልትበላው ነው ወይ? ይልሻል።»

«የዳንግላ ፈረስ ሦስት ጆንያ ጭኖ ዳገት ይወጣል በይልኝ።»

ነገረችው። ጅራፉን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እንግዲያው ነይና አንቺው ንጂው!»

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ቢጫዋ ወረቀት ትዝ አለችኝና ሳቄን ተውኩት።

ባቡር ጣቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል

ማርያማ እጄን ይዛ በሰው መካከል ትሮጣለች፤ ሣጥኔን ሽማግሌው ተሸክሞ ይከተለናል። ባቡሩ ጮኸ። በአንደኛው በር ላይ ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። ሰውዬው እርሳሱን ዝርዝሩ ላይ አሳርፏል፤ ሊሰርዘኝ ነው። ከመሰረዙ በፊት ግን፣ ማንንም ሳያይ፣ አንድ ጊዜ ጠራ።

«ታከለ!»

«አቤት!» አልኩ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል።

ቃሉን አልተረዳውም፤ ግን ደንግጦ ቀና አለ። ደርሼ እጁ ላይ ያለውን ቢጫ ወረቀት ያዝኩ። «ቴሌግራም ነው?»

«ምን ቴሌግራም? የባቡር ቲኬትሽ ነው! ከጠዋት ጀምሮ የት ነበርሽ?»

ከተሳፈርኩ በኋላ ማርያማ ሽንብራና ሙዝ በወረቀት ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ አሁን ብዪ!» ብላ ባቡሩ እስኪርቅ እጇን አወዛወዘች። አማትቤ በላሁ።

ይህን የምጽፈው ከተማሪዎች ማደሪያ ነው፤ ከአገሬ ለሚነሡ እህቶቼ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ። ቴሌግራም አለመኖሩን አውቄያለሁ። በእንጅባራ ጉም ውስጥ ትቼው የመጣሁት ሳል ግን እውነተኛ ነው። ለአባቴ ደብዳቤ ልኬለታለሁ፤ የደብራችን ቄስ ያነቡለታል። መልሱ ገና አልመጣም። በየማለዳው መምህርቷ ዝርዝሯን ይዛ «ታከለ!» ትላለች። እኔም ብድግ ብዬ፣ እርሱ ከጓሮ ሲጠራኝ በምመልስበት ድምፅ፣ «አቤት!» እላለሁ።