የፍየሏ ተረት መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል፣ እናቴ ሰው ቤት ሠርታ እስክትመለስ የሚጠብቁኝ እትዬ ሰዕዳ የሚባሉ የወሎ ሴት ነበሩ። እኔን ብቻ አይደለም፤ እንደ እናቴ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ልጆቻቸውን እኛው ጋ ያውሉ ስለነበር ስድስት ነበርን። ጠዋት እናቶቻችን ሲለዩን ግን ማንም አያለቅስም። ዘዴው የእትዬ ሰዕዳ ነበር። አመሻሹ ላይ የሻዩ ከሰል አመድ ሲለብስ ተረት ይጀምሩና፣ የመጀመሪያዋ እናት በሩን ስታንኳኳ መሐል ላይ ይቆርጡታል። የቀረው የሚነገረው በማግስቱ ጠዋት ስለሆነ፣ ልጆቹ የእናታቸውን እጅ እየጎተቱ ይመጡ ነበር።

እሳቸው የሚያድሩት ከከተማው ዳር፣ ካላክላ ነው። ኢቃማቸው፣ ያ የመኖሪያ ወረቀት፣ ጊዜው ስላለፈበት፣ ሱዳኖቹ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ሳይጀመር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመሐል ከተማው ገበያ፣ ከሱቅ ዐረቢ፣ ሚኒባስ ይሳፈራሉ።

አንድ ቀን ተረቱ ልጆቿን ለጦጣ አደራ ብላ ውኃ ፍለጋ ስለወረደች ፍየል ነበር። እንደ ልማዱ መሐል ላይ ተቆረጠና ሌሎቹን ልጆች እናቶቻቸው ወሰዷቸው፤ እናቴም ገባች። እትዬ ሰዕዳ ለመሄድ ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ ሲያጣፉ ቀሚሳቸውን ያዝኩና ፍየሏ ትመለስ እንደሆነ ካልነገሩኝ አለቅም አልኩ። እናቴ ተቆጣችኝ። እሳቸው «ነገ ጠዋት፣ ኢንሻላህ» አሉኝ። ያኔ ነገ ለእኔ ሩቅ አገር ነበር፤ መሬት ላይ ተዘርግቼ አለቀስኩ።

«የልጅ እንባ ረግጬ አልሄድም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር እናቴ ፋኖስ ለኮሰች። ጭናቸው ላይ ጋደም አልኩ፤ ቀሚሳቸው የከሰል ጢስ ይሸት ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ መጥተው በር ላይ ቆሙ። እትዬ ሰዕዳ አልመጡም። ቀትር ላይ አንዲት ጎረቤታቸው ከካላክላ መጥታ ለእናቴ፣ «ትናንት ሱቅ ዐረቢ ላይ ከሻ ወሰዳቸው» አለቻት። በሳምንቱ በመተማ በኩል ድንበር እንዳሻገሯቸው ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። እናቴ አንድም ቀን በአንቺ ምክንያት ነው አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አድጌ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ሠለጠንኩ። አሠልጣኛችን፣ አንዲት ሱዳናዊት፣ ሕፃንን ስትሸኙ ነገን የሚናፍቅበት ነገር አስይዙት ስትለን ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ምን ሆንሽ ብትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት።

አሁን እዚያው ዴም አስተምራለሁ። ልጆቹን ስሸኝ እኔም ተረቱን መሐል ላይ እቆርጣለሁ፤ ጠዋት እየሮጡ ይመጣሉ። የፍየሏን ተረት ግን ጀምሬላቸው አላውቅም። ያን ምሽት እትዬ ሰዕዳ ለእኔ ብለው ሲጨርሱት፣ እኔ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።