የአበራሽ አፍንጫ

ሽሮ ሜዳ ላይ የአበራሽን ቅባት የማያውቅ ሸማኔ ካለ፣ ወገቡን አሞት አያውቅም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ መወርወሪያ ሲወረውር የዋለ ሰው ሲመሽ ትከሻው እንጨት ይሆንበታል፤ የአበራሽ ትንሽ ጠርሙስ ከኪስ የምትወጣው ያኔ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የሮዝመሪ ዘይት፣ ትንሽ ጠጅ ሳር፣ ሁሉም በሰሊጥ ዘይት ለዝቦ። ምን ምን እንደሚገባበት ማንም ይነግራችኋል። ቤታቸው የሞከሩ ጎረቤቶችም አሉ፤ ትርፋቸው ቆዳ ማቃጠል ሆነ እንጂ።

አበራሽ ያደገችው ቁስቋም ነው። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ ከኋላ እየተከተለች፣ የትኛው ቅጠል ዛሬ እንደተቆረጠ፣ የትኛው እንደሰነበተ በጠረኑ ትለይ ነበር። ይኸው አፍንጫ ኋላ እንጀራዋ ሆነ። ንጹሕ ዘይቶቹን የምትገዛው ቅጠል አፍልተው ከእንፋሎቱ ዘይት ከሚያወጡ ሰዎች ነው። ሌላ ነገር የተደባለቀበት ከመጣላት አንዴ አሽትታ "ይሄን ራስህ ተቀባው" ብላ ትመልሳለች። ሻጮቹ ይፈሯታል፤ እሰይ፣ ይፍሯት!

ባሏ አልታዬ ሸማኔ ነው። ከሚስቱ ዘይት ጋር ግን ዓይንና ናጫ ነበር፤ ምክንያትም አለው። ዘይት መቀላቀል በጀመረች ሰሞን አበራሽ ጥሩ ጠረን ይኑረው ብላ፣ ገና ተሠርቶ ባለቀ ነጭ ነጠላ ላይ ዘይት አንጠባጠበችበት። ዘይት ነጭ ጥጥ ላይ ምን እንደሚሠራ ለሸማኔ ሚስት አይነገርም ነበር፤ ደስታው ነው ያስረሳት። ነጠላው ቢታጠብ፣ ቢታጠብ እድፉ አልለቅ አለ። ከዚያ ወዲያ አልታዬ ዘይት የነካው እጅ ወደ ሥራው ድርሽ እንዳይል ከለከለ። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እሱ የሚጥለውን የክር ቁርጥራጭ ሰብስባ፣ ሰሊጥ ያልገባበትን ዘይት አጠጥታ፣ ክዳኗ በተበሳ ብልቃጥ ከታ የልብስ ሣጥን ጥግ ማስቀመጥ ጀመረች። ልብሱ ሳይነካ ጠረኑ ይደርሰዋል። የጨርቅ ሱቅ ያላቸው እትዬ ስብሐት ይህን አይተው ለሱቃቸው ሣጥኖች ቋሚ ደንበኛ ሆኑ።

ባለፈው ክረምት አበራሽን ጉንፋን ጣላት። ሲሻላት ተነስታ ሽሮ ጣደችና አጠገቡ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ጀመር። አልታዬ እያሳለ ከጉድጓዱ ወጣ።

"አንቺ ሴት፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው እንዴ? ሽሮው እኮ አሯል!"

አበራሽ ድስቱን አየችው። ጭሱ ዓይኗን ይቆጠቁጣታል፣ አፍንጫዋ ግን ጭጭ። ክው አለች። ሮጣ የባሕር ዛፉን ጠርሙስ ከፍታ ብታሸት፣ ቅዝቃዜው ተሰማት እንጂ ጠረን የሚባል ነገር የለም።

ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ጠብቂ" አላት። ጠርሙሶቿን ካርቶን ውስጥ ከታ አልጋ ሥር ገፋቻቸው። እንቁጣጣሽ ተቃርቦ ነበርና እትዬ ስብሐት ለሣጥኖቻቸው ብልቃጥ ራሳቸው መጡ። ሌላ ሰው ቢሆን በግምት ቀላቅሎ ይሰጣቸው ነበር። አበራሽ ግን አላደረገችውም።

"እትዬ፣ አፍንጫዬ ሞቷል። ያላሸተትኩትን አልሰጥዎትም።"

"ውይ፣ ልጄን!" አሉ እትዬ ስብሐት ደንግጠው። "እስከ በዓሉ እጠብቅሻለሁ። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው መፈለጌ ነው፤ አትቀየሚኝ።"

አልታዬ ከጉድጓዱ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። አመሻሹ ላይ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

"በይ ቀላቅይ፤ እኔ አሸታለሁ።"

"አንተ? ዘይት እኮ ጠላትህ ነው!"

"ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱን በጠረን ስትሞዪው አፍንጫ የለኝም ነበር? በቃ፣ ቀላቅይ።"

ችግሩ፣ አልታዬ ያለው ቃል "ጥሩ ነው" እና "ጥሩ አይደለም" ብቻ ነው። በዚህ ደግሞ ማንም ዘይት አይቀላቅልም። አበራሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

"እንግዲያው በሸማኔ ቋንቋ ንገረኛ!" ብላ ጮኸችበት።

አልታዬ እንደገና አሸተተ። "ድሩ ሳስቷል" አለ።

ድሩ ባሕር ዛፉ እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነዋ። ጨመረች። "አሁን ማጉ ላልቷል" አላት፤ ሮዝመሪ ጨመረች። "ኧረ ጥለቱ ጮኸ!" ሲላት ሳቋ መጣ፤ ጥለቱ ጠጅ ሳሩ ነው። የበዛ አይቀነስምና ደፍታ እንደ አዲስ ጀመረች። ደግማ ደፋች። እሱም ሳይሰለች አሸተተ።

እትዬ ስብሐት ለበዓሉ የደረሰላቸውን ብልቃጥ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ያው የአበራሽ ነው" አሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ አልታዬ መወርወሪያውን ያስቀምጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ መጥቶ ይቀመጣል። ከተጋቡ ጀምሮ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እሷ ጓዳ ነበሩ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠርተው አያውቁም። አሁን እያሸተተ ያወራታል። ስላደገበት ስለ ጨንቻ ብርድ፣ አባቱ መጀመሪያ መወርወሪያ ስላስያዙት ቀን ነገራት። ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቆት እንደኖረ እንጃ።

ሰሞኑን ነው። አበራሽ የጠጅ ሳሩን ክዳን ስትከፍት አንድ ነገር አፍንጫዋን ወጋት። ደግማ ሳበች። ጠጅ ሳር! ሮዝመሪውን ከፈተች፤ እሱም አለ። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ጠረን፣ ሳሙናውና ልብሱ ላይ የቀረው የጥጥ ብናኝ መጣላት። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"ምነው፣ አለቀስሽ?" አላት።

"ባሕር ዛፉ ዓይኔን ነካኝ።"

የቀላቀለችውን ቀስ ብላ አሸተተች። ጠጅ ሳሩ በዝቷል፤ በፊት ቢሆን ትደፋው ነበር። ለእትዬ ስብሐት እውነቱን ፊት ለፊት የነገረችው ሴት ብልቃጧን ወደ ባሏ አስጠጋች።

"ምን ይላል?"

አልታዬ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። "ድሩም ማጉም ጥሩ ነው። ጥለቱ ትንሽ ደመቅ ብሏል፤ ግን ያምራል፣ አትንኪው።"

"እሺ" አለችና ክዳኑን ገጠመች። "ነገ የሸማኔዎቹን ቅባት እንሠራለን። እንዳትቀር ታዲያ፤ እኔ እንደሆነ አፍንጫ የለኝ።"