በሙት የቀናው ክሊፍ

ክሊፍ ክሌግ ዕድሜውን ሙሉ ማንችስተር አጠገብ ባለችው በኦልድሃም ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ተሳፋሪ ቢሰድበው እንኳ በመስታወቱ አየት አድርጎ መንገዱን የሚቀጥል ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠባዩ አልተለወጠም። ጠዋት ጋዜጣውን፣ ከሰዓት ከከተማው ዳር የተከራያትን የአትክልት መሬት፣ ማታ ደግሞ ሚስቱን ሂላሪን ካገኘ ሌላ የሚሻው ነገር አልነበረም።

ሂላሪን ያገባት የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት፣ ኒል የሚባል አንድ ልጇን ይዛ ነው። ሟቹ ዴዝሞንድ ሃስላም ይባላል፤ ጣሪያ ሠሪ ነበር። ከጣሪያ ላይ ወድቆ ሲሞት ኒል ገና አፉን እየፈታ ነበር። ክሊፍ ልጁን እንደ ራሱ አድርጎ አሳደገው፤ መኪና መንዳት አስተማረው፤ ሲያገባም ከጎኑ ቆመ። የዴዝሞንድ ፎቶ ከደረጃው ግድግዳ ላይ ወርዶ አያውቅም። ክሊፍ እንዲያውም ሲወጣና ሲወርድ አቧራውን በእጅጌው ይጠርግለታል። "አይከብድህም?" ላሉት ሁሉ፣ "የሞተ ሰው ምን ያደርገኛል? ሻዬን አይጠጣብኝ" ይላቸው ነበር።

እንዲህ ማለቱን የተወው የቆጠራው መዝገብ የተከፈተ ጊዜ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሕዝብ ሲቆጠር አባወራዎች የሞሉት ቅጽ መቶ ዓመት ተቆልፎበት ይቀመጣል። በእነሱ አቆጣጠር የ1921ዱ ተራው ደርሶ በጥር ወር ሲከፈት፣ የዘር ሐረጉን የሚቆፍር ሁሉ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተነቃነቀ። ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚያይ ሰው ይከፍልበታል፤ ማንችስተር ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ወርዶ የሚያይ ግን በነጻ ነው። ሂላሪም ሳንድዊቿን እየጠቀለለች በየረቡዑ በትራም ማንችስተር መውረድ ጀመረች።

"ዋልተርን አገኘሁት" አለች በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ።

"ዋልተር ደግሞ ማነው?"

"የዴዝሞንድ አያት ነዋ። ቅጹን የሞላው በገዛ እጁ ነው። ጽሕፈቱን ብታየው፣ ክሊፍ፣ እንዴት እንደሚያምር። ሃስላም ብሎ ሲጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል እንደ ሐረግ ጠምዝዞ ጠምዝዞ..."

"እራትሽ እየቀዘቀዘ ነው" አለ ክሊፍ።

የክሊፍ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ተማሪ ቤትም ሲሣቅበት የኖረ ነው። ሂላሪ ሳህን ስታጥብ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ስሙን ጠምዘዝ አድርጎ ሊጽፍ ሞከረ። አየውና ሰርዞ ጋዜጣውን አጠፈው።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ዋልተር ከእነሱ ጋር ማዕድ መቅረብ ጀመረ። ዋልተር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበረ፣ በዚያ ዓመት ፋብሪካው ቆሞ ሥራ ፈት እንደሆነ፣ "ሥራ የለኝም" ብሎ ሲጽፍ ቀለሙ እንደ ጎረፈበት፣ ልጆቹን ሁሉ ይዞ በሁለት ክፍል እንደሚኖር ሂላሪ እንባ እየተናነቃት አወራች። ክሊፍ ድንቹን በሹካ እየደቆሰ ሰማ፤ ውስጡ ግን እርር ይላል። ለእሱ እንዲህ ዓይኗ እንባ ያቀረረው መቼ ነበር? ቢያስብ ቢያስብ ትዝ አልል አለው።

"የእኔም ሰዎች እኮ በዚያ ዓመት በሕይወት ነበሩ" አለ አንድ ቀን።

"ልፈልግልህ ብዬ ስጠይቅህ 'የሞቱትን ተያቸው' ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ይበልጥ አናደደው።

ወደ ማንችስተር ስትወርድ ከንፈሯን እንደምትቀባ ያስተዋለውም በዚያው ሰሞን ነው። ሻርፕም ገዝታለች፣ ሰማያዊ። በቁም ባለ ሰው ቢቀና ሄዶ አንገቱን ያንቀው ነበር። ዴዝሞንድን የት ሄዶ ይነቀው? በደረጃው በወጣ ቁጥር ፎቶው የሚሥቅበት እየመሰለው መጣ፤ አቧራውንም መጥረግ ተወ።

አንድ ረቡዕ ሂላሪ የማንበቢያ መነጽሯን ረስታ ሄደች። ክሊፍ መነጽሩን ይዞ ትራም ተሳፈረ። ለመነጽሩ ብቻ ግን አልነበረም፤ እዚያ ስትሆን ምን እንደምትመስል ሊያይ ፈልጎ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ ብሬንዳ የምትባል፣ ከዘር ሐረግ ፈላጊዎቹ ማኅበር የሆነች ሴት ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች።

"ሂላሪን ፈልጌ ነበር።"

"ወይዘሮ ሃስላምን? ያቻት፣ መስኮቱ ጋ። እርስዎ ጎረቤታቸው ነዎት?"

በሟቹ ስም መጠራቷን የሰማው ክሊፍ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። "አዎ፣ ጎረቤት ነኝ" አለ።

ሂላሪ ያለ መነጽር ፊቷን ከኮምፒውተሩ አስጠግታ፣ የዋልተርን ጽሕፈት በጣቷ ጫፍ እየተከተለች ታነባለች። የታመመ ሰው ግንባር የምትዳስስ ነው የምትመስለው። ክሊፍ መነጽሩን ለብሬንዳ ሰጥቶ ተመለሰ። ትራሙ ላይ አንዲት ሴት "ደህና ነዎት?" ብላ ጠየቀችው።

ቤቱ እንደገባ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደና ጓሮ ወስዶ እቃ ቤቱ ውስጥ ከማዳበሪያ ከረጢቶቹ ኋላ ሸጎጠው።

ሂላሪ መጥታ ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ምልክት ስታይ ደረጃው ላይ ቆመች።

"ፎቶው የት ሄደ?"

"ምን ያደርግልሻል? አያቱን አግኝተሽ የለ?"

"ክሊፍ።"

"እኔን አትጠይቂኝ። ወይዘሮ ሃስላምን ጠይቂያት።"

ሂላሪ ካፖርቷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "ብሬንዳ 'ጎረቤትሽ መነጽር አመጣልሽ' ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ማኅበሩ ውስጥ የተመዘገብኩት ዴዝሞንድ በሞተ ሰሞን ነው፤ ስሙን ሳላስለውጥ ቀረሁ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።"

"ከንፈርሽንም የሚያስቀባሽ ስንፍና ነው?"

ሂላሪ አንገቷን ደፋች። ስትናገር ዓይኗን ከጫማዋ አላነሳችም።

"ዴዝሞንድ የሞተ ሳምንት ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ነበር። ኒልን ይዤ እህቴ ቤት ልገባ። አልወደውም ነበር፣ ክሊፍ። ከወደድኩት ቆይቶ ነበር። ከዚያ ወደቀ፣ ሞተ፤ ሰው ሁሉ አበባ ይዞ መጣ፤ እኔም አለቀስኩ። ይኼ ለማን ይነገራል?"

ክሊፍ የደረጃውን መደገፊያ ያዘ።

"ኒል ደግሞ ልጅ ከወለደ ወዲህ 'አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?' እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? ክፉ ሰው አልነበረም። እሱ ሲገባ ግን ቤቱ ይጠበኝ ነበር። ይኼን ለልጁ እንዴት ልንገረው? ስለዚህ ዋልተርን ልሰጠው ነው። በዋልተር ላይ ቂም የለኝም።"

"ሊፕስቲኩስ?"

"የምወርደው ማንችስተር ነው እኮ፤ ያንተ አትክልት ቦታ አይደለም።"

ክሊፍ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ደስ ማለቱ ወዲያው አሳፈረው። ሀፍረቱ ሳይለቀው ቅናቱ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ይህን ሁሉ ለእሱ አልነገረችውም፤ ከሟቹ ጋር ብቻ ይዛው ኖረች። በዝናቡ ወጥቶ ፎቶውን አመጣና ቦታው ሰቀለው። ያን ማታ የቀዘቀዘ እራት በሉና ተኙ።

ለፋሲካ ኒል ከሚኖርበት ከሊድስ ከተማ መጣ። ሂላሪ የሰበሰበችውን ሁሉ አነበበችለት፤ እሱም ዋልተር የኖረበትን መንገድ ለማየት ተነሣ። ክሊፍ ነዳ። እዚያ ሲደርሱ የቀረ ቤት የለም፤ የምንጣፍ መሸጫና የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። እናትና ልጅ ወርደው ጎን ለጎን ቆሙ። ክሊፍ መኪናው ውስጥ ሆኖ ከጀርባ ያያቸዋል። ኒል ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ሲቆም ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ልቡን ቆንጠጥ አደረገው።

ኒል ተመልሶ መስኮቱን አንኳኳ። "ክሊፍ፣ ይኼን መንገድ በአውቶቡስ ትሄድበት አልነበር? ምን ነበር እዚህ?"

"መንዳት ስጀምር ቤቶቹ ነበሩ። ሲፈርሱም አይቻለሁ።"

"እስቲ ውረድና አሳየኝ።"

ክሊፍ በካፊያው ወረደ። የቤቶቹ በሮች እንዴት በቀጥታ ወደ እግረኛው መንገድ ይከፈቱ እንደነበር፣ ሴቶቹ የበራቸውን ደፍ ሲያሹ አውቶቡሱ ውሃ እንዳይረጭባቸው እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚያልፍ፣ ጥጉ ላይ የነበረችውን መጠጥ ቤት፣ ሰኞ ሰኞ መንገዱን የሚሞላውን የታጠበ ልብስ እያሳየ አወራለት። ኒል እየተከተለው እየጠየቀ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዱ። ሲመለሱ ሂላሪ ዣንጥላዋን ይዛ ከንፈሯን ጣል አድርጋ ትጠብቃቸዋለች።

"እኔ ሳነብልህ እንደዚህ አልጠየቅከኝም" አለችው ልጇን።

ኒል ሣቀ። ክሊፍ ግን አልሣቀም፤ ሚስቱን አየት አደረጋት። ዓይኗ ውስጥ ያየውን ነገር ያንን የብርድ ወራት ሙሉ እሱን ራሱን ሲያቃጥለው ስለኖረ ወዲያው ለየው። ከፊት ወንበር አስገባትና ዓሣና ድንች ጥብስ ሊጋብዛቸው ይዟቸው ሄደ።