የተቀጠለው ቺንጋ

ይህ የደረሰብኝ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ በሚባልበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ግን ሙሉውን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ከውስጤ አልወጣም።

እኔ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን እጠግን ነበር። ሸሪኬ ማርቆስ ሶዶ አቅራቢያ ካለችው ከተበላ ከተማ የመጣ ልጅ ሲሆን፣ እጁ የተባረከ አናጢ ነው። እንጨት ላይ ፊደል በራሱ የሚቀርጽ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ልንሠራ ተስማማን። እሱ አካሉን ከዋንዛ ሠራ። ሞተሮቹና መቅረጫውን ወዲያ ወዲህ የሚጎትተው ባለ ጥርስ ቺንጋ የእኔ ድርሻ ሆኑ።

የሚበቃ ርዝመት ያለው ቺንጋ ሶዶ ውስጥ አጣሁ። ከአሮጌ ፎቶ ኮፒ ሁለት አጫጭር አውጥቼ ጫፋቸውን አደራረብኩና በማስቲሽ አጣብቄ በክር ሰፋሁት። ለሙከራ ብዬ ነበር። ሲሠራልኝ ግን እንዳለ ተውኩት።

በዞኑ ባዛር ላይ ልናሳየው ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ጠዋት መጋጠሚያውን ሳየው ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል።

"ደህና ነው?" አለኝ ማርቆስ።

"ደህና ነው" አልኩት። "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው ሰሌዳ ግማሽ ደርሶ ስለነበር ማሽኑን ማቆም አልፈለግሁም።

ማርቆስ ጎንበስ ብሎ ብናኙን እፍ እያለ ሳለ ቺንጋው ተላቀቀ። የሚይዘው ያጣው መቅረጫ እየተሽከረከረ ሄዶ እንጨቱን ከያዘው የብረት ሞርሳ ጋር ተጋጨ። ጫፉ ላይ ያለው ስለታም ፑንታ ተሰበረ፤ ስባሪው ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለና "ኢሻ፣ ማሽኑን አጥፋው" አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ላኩን። ዓይኑ አልተረፈም።

ቤቱ ሲመለስ እናቱ ከተበላ መጥተው ነበር። ጎረቤትም ተሰብስቧል። ታላቅ ወንድሙ እኔን እያየ "ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?" ሲል ጠየቀ።

ማርቆስ ከአልጋው ላይ ሆኖ "ጥፋቱ የኔ ነው። ሞርሳውን ያለ ቦታው አሰርኩት" አለ።

እናቱ ተነስተው እጄን ሳሙኝ። "አንተ ባትኖር ልጄ መንገድ ላይ ይቀር ነበር" ብለው በወላይትኛ መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ መቻል አቅቶኝ ስለ ክሩ ነገርኩት።

"አውቃለሁ። ያን ዕለት ጠዋት እኔም አይቼዋለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አላስቆምከኝም?"

"አንተ ደህና ነው አልከኝ።"

ለምን ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዳደረገም ጠየቅሁት። "ወንድሜን ታውቀዋለህ፤ አይምርህም ነበር። የኔ ዓይን ይበቃል" አለኝ።

በአንድ ዓይን የመጋዝ መስመር መከተል ስላቃተው ሙያውን ትቶ ተበላ ገባ፤ አሁን በቆሎ ያርሳል። ማሽኑን ፈታትቼ ጣልኩት። ለበዓል ልጠይቀው ስሄድ እናቱ "ልጄን ያተረፈልኝ" እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እነሳለሁ፤ በልቼ፣ ተመርቄ እመለሳለሁ።

ባለፈው ዓመት አረፉ። ማርቆስ ይቅር ብሎኛል። እሳቸው ግን ይቅር የሚሉት ነገር እንዳለ እንኳ ሳያውቁ ሄዱ።