ትራንስፎርመሩ ሲተልቅ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለለት። የቀድሞውን እጥፍ ነው ተባለ። ጎረቤቶች መረቁ፤ አንዷ ለሠራተኞቹ ቆሎ አዞረች። እኔ ደግሞ የሕንፃችን ማከፋፈያ ፓነልስ ይቀየራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«አንተ መቼም ደስታ አይስማማህም» አለችኝ ባለቆሎዋ።

እውነቷን ነው። ይህ አመል ግን የተጣባኝ ሪያድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሠላሳ ሳልደፍን፣ መንሱራ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ወጣ ብሎ ባለ የፓነል መገጣጠሚያ ንድፍ ሠሪ ነበርኩ። ነሐሴ ነበር፤ በሪያድ ነሐሴ የመኪና በር እጀታ በጨርቅ ነው የሚያዘው። መሐንዲሳችን የኮምቦልቻው ሰዒድ ነው። ሚስቱ አገር ቤት ከወለደች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ልጁን የሚያውቃት በስልክ ብቻ ነው። ከፊላችን፣ ማለት መኖሪያ ፈቃዳችን በስሙ የሆነው አሠሪ፣ መላዝ ሰፈር ላለ ሕንፃ የምንሠራው ፓነል እንደወጣ የመውጫ ወረቀቱን ሊፈርምለት ቃል ገብቷል። ሰዒድ ዐረፋን እቤቱ ሊውል ሻንጣውን አዘጋጅቷል።

ፓነሉ ሊጫን ሲል የሕንፃው ባለቤት ከብሳ፣ የሥጋ ሩዝ፣ በትልቅ ትሪ አስይዘው መጡ። ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ወለሉ ላይ ከበን ተቀመጥን፤ ሩዙ ሄል ሄል ይሸታል።

«ለተከራዮቼ ብዬ ትራንስፎርመሩን በእጥፍ አሳደግሁት» አሉ። «ትልቅ ነገር በረካ አለው።»

ሁሉም አመሰገነ። የሰዒድ እጅ ግን ትሪው ላይ ቀረ።

«ፓነሉ አይጫን» አለ።

«አንተ ሙሀንዲስ፣ የምጣደፈው ለአንተው ነው» አለ ከፊሉ። «ያላ፣ ብላ።»

እኔ በአማርኛ ጠጋ አልኩት። «ሰዒዶ፣ ኃይል በዛ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?»

«ጀራዲያ ሰፈር ያለው ቤትህ ጣራ ላይ የውኃ ታንከር አለ አይደል? ቧንቧው ቢፈነዳስ?»

«ፈስሶ ያልቃል።»

«ከጣራህ በላይ ግድብ ቢሆንስ?»

ከዚያ በጣቱ ወለሉ ላይ እየሣለ አስረዳኝ። በደህና ቀን አምፖል የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ይነስም ይተልቅም ልዩነቱ አይታይም። ኮንታክት ሲፈጠር ግን ትራንስፎርመሩ ያለውን ሁሉ ይለቃል። የሚገታው የራሱ የውስጥ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ያም ሰሌዳው ላይ በፐርሰንት ተጽፏል። ፓነላችን ውስጥ ያሉት ብሬከሮች መቁረጥ የሚችሉት እስከ ሃያ አምስት ሺህ አምፔር ነው። አሮጌው ትራንስፎርመር ከዚያ በታች ነበር የሚለቀው፤ አዲሱ ከሠላሳ ሺህ ያልፋል። ያኔ ሊቆርጥ የተቀመጠው ብሬከር ራሱ ይፈነዳል፣ ፓነሉ ውስጥ ያሉት የመዳብ ዘንጎችም እርስ በርስ እየተገፋፉ ከመያዣቸው ይነቀላሉ።

ስለ ኃያላን ብዙ አንብቤ ነበር፤ ኃያልን በደህና ቀኑ መለካት ከንቱ መሆኑ ግን የገባኝ በሩዝ በተቀባ ጣት ነው።

«ኮንታክት መቼ ይፈጠራል?» አለ ከፊሉ።

«ከነጭራሹ ላይፈጠርም ይችላል።»

«እንግዲያው ኢንሻአላህ አይፈጠርም።»

«ኢንሻአላህ» አለ ሰዒድ። «ብሬከሮቹ ግን ይቀየራሉ።»

ሽማግሌው ሩዙን ትተው፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ?» አሉ።

«በጎ ነው ያደረጉት» አለ ሰዒድ። «ብቻ አልነገሩንም።»

«ኸላስ፣ አበቃ» አለ ከፊሉ ተነሥቶ። «ፓነሉ ሲወጣ አንተም ትወጣለህ።»

ጠንካሮቹ ብሬከሮች የመጡት ዐረፋ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዒድ ዒዱን ከእኛ ጋር ዋለ፤ ብዙም አልበላም። አገሩ ሲደርስ ልጁ መራመድ ጀምራለች፤ እሱ ያየው የመጀመሪያ እርምጃዋም ከእሱ ሸሽታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ መግባት ሆነ። ይህን በስልክ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር።

መላዝ ላይ ኮንታክት ተፈጥሮ እንደሆነ አላውቅም። ያልፈነዳ ነገር ታሪክ የለውም፤ ያልፈነዳበትን ምክንያት ያመጣ ሰውም ቆሎ አይዞርለትም።

ትናንት ኮምቦልቻ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ያቺው ልጅ ናት።

«አባዬ ሥራ ላይ ነው። ምን ልበለው?»

«ሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቀየረ በይው።»

«በትልቅ ነው በትንሽ?»

«በትልቅ።»



«ፓነሉስ?» አለችኝ።