ሳሎኑ በዘይት ቀለም፣ ጓዳው በኖራ

አባቴ ሳሎኑን በዘይት ቀለም፣ እኛ ሦስት እህትማማቾች የምንተኛበትን ጓዳ ግን በኖራ መቀባቱ ግፍ ነበር። ይህ ይጻፍልኝ። ዛሬ ልጄ እዚሁ ጭሮ ከተማ ቤቱን ሲያስቀባ የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ያ ግፍ እንደ አዲስ ተሰማኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የሳሎኑ አረንጓዴ ግድግዳ ያበራል፤ በእርጥብ ጨርቅ ብናሸው እንኳ አይለቅም። የእኛ ኖራ ግን የተደገፈውን ሁሉ ያነጣል፤ ከአቡጀዲው ኮርኒስም እየተፈረፈረ ፀጉራችን ላይ ይወርዳል። ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ፣ "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያደርሽው?" ይሉኛል።

አንድ ቀን ከገለምሶ የመጡ እንግዶች ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ገባሁና የነጣውን ጀርባዬን አዞርኩላቸው።

"አባባ፣ የእኛንም ግድግዳ ይዩልን! እኛስ ለምን በኖራ?"

እንግዶቹ ሳቁ። አንደኛው፣ "ወላሂ፣ ይቺስ ዳኛ ትሆናለች!" አለ።

አባቴ አልተቆጣም። በሻካራ መዳፉ ኖራውን ከጀርባዬ ላይ ቀስ እያለ አራገፈልኝ።

ሦስታችንም ተድረን ከወጣን፣ እሱም ካረጀ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ጠየቅኩት። አሁንም ግፍ ነው እላለሁ፤ መልሱ ግን ይኸው፦

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የዘይት ቀለሙ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ብቻ ነበር። እናንተን ለልጁ ሊጠይቅ የሚመጣ ሽማግሌ ደግሞ ጓዳ አይገባም፤ ሳሎን ነው የሚቀመጠው። ሳሎኑን የቀባሁት ለእናንተ ብዬ ነበር።"